ከገጽ 304 በኋላ

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዛሬ ቀንቶኛል። ከሥራ ስወጣ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ሰውዬ ጋ ጎራ አልኩ። ባለ ሸራው ነው የምለው፤ ስሙን ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም የኔን። ከክምሩ ሥር ሰማያዊ ጀርባ ታየኝ። ወፍራም። ሳብኩት... ልብ ወለድ። ሁለት ወንድማማቾችና አንድ ወፍጮ ቤት። ሽፋኑ ጥጉ ላይ ትንሽ ተልጧል እንጂ ንጹሕ ነው። የጠራውን ዋጋ ሰምቼ ሳቅሁ፣ መጽሐፉን ቦታው መለስኩ፣ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ጠራኝ። ሁልጊዜም ይጠራኛል። በሁለት የታክሲ ሒሳብ ወሰድኩት።

ለቅዳሜው የመጽሐፍ ቡድናችን ይሆናል። ዘንድሮ በርካሽ ግዢ የሚስተካከለኝ የለም።

ሱቅ ውስጥም ቀኑ ደህና ነበር። ስምንት መነጽር አስረከብኩ። አንዱ ደንበኛ የሌንሱ ቁጥር ከፍ እንዲልለት ለመነኝ። ይህን ያህል ገንዘብ ከፍሎ ለምን ትንሽ ቁጥር እንደሚሰጠው አልገባውም። አስረዳሁት። አልተዋጠለትም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ገጽ 190 ደርሻለሁ። ታላቁ ወንድም ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ታናሹ የወፍጮ ቤቱን ድርሻ ለባዕድ ሸጠው። አውቶቡስ ውስጥ ጮክ ብዬ "አይ አንተ" አልኩ መሰለኝ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ጉድ ሆንኩ።

የምሳ ሰዓት ላይ፣ ከሌንስ መቁረጫው ጀርባ ተቀምጬ እያነበብኩ ነው። ገጽ 304። አሥራ ሁለት ዓመት ተኳርፈዋል። ታናሹ ሸብቷል። ከታላቁ የግቢ በር ፊት ቆሟል፣ ሊያንኳኳ እጁን አንስቷል... ገለጥኩ። ካርቶን። የኋላው ሽፋን። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። አንዱ አጅሬ ሽፋኑን በማጣበቂያ አሳምሮ መልሶ ለጥፎታል፣ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው የሚመስለው።

እኔ። የሰው ዓይን እየለካሁ የምተዳደር ሴት። ዓይኔ አይስትም እያልኩ የምፎክር።

ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ያልጨረሱትን መጽሐፍ ማውራት በቡድናችን ክልክል ነው። ደንቡን ያወጣው ማን ነው? እኔ። የዛሬ አራት ዓመት፣ ፍሬን የምንለው የመኪና አስተማሪ የአንዱን መጽሐፍ መግቢያ ብቻ አንብቦ ግማሽ ሰዓት ሲተነትንልን ደሜ ፈልቶ። ቅጣቱንም ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ሦስት ስብሰባ ሙሉ አፍን ዘግቶ መስማት። ለፍሬን ያሰብኩት ነበር።

ሌላ ያነበብኩት የለኝም። ባዶ እጄን ልሂድ? ሄጄ አላውቅም። እስከ በሩ ድረስ ልነግራቸውና "የቀረውን ራሳችሁ አንብቡ" ልበል... እንዲያ ይሻላል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

እንዲያ አላልኩም።

እንደ ሁሌው ፍሬን በሚያስተምርበት የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ክፍል ተሰበሰብን። አራታችንም ነበርን። ፍሬን ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ መጽሐፍ አምጥቷል። ንብ የለውም። ግቢም የለውም። ለምን ገዛኸው ሲሉት መልሱ ርካሽ ነበር ነው። ዳኛው ጋሼ የድሮ የጉዞ ማስታወሻ ይዘው መጡ። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የትምህርት ቤቶች እግር ኳስ ያጫውቱ ስለነበር ዳኝነቱ ለኛም ተርፏል፤ ፊሽካቸው እስከ ዛሬ ከኮታቸው ኪስ አይጠፋም። ነርሷ ከምሽት ተረኝነት ወጥታ ነው የመጣችው፣ ቀጭን መጽሐፍ ይዛ።

የዋጋ ግምቱን አሸነፍኩ፤ በስንት እንደገዛሁት ማንም አላገኘውም። ሁለት የታክሲ ሒሳብ ነው ስላቸው ፍሬን መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ሚዛን ላይ እንደሚያወጣ ሰው ከፍ ዝቅ አደረገው። ገልጦ እንዳያይ ብዬ ወዲያው ተቀበልኩት።

ከዚያ ተረኩ። ጥሩ አድርጌ ተረኩ፣ ለራሴ ነው የምጽፈው፣ አልዋሽም። "ሊያንኳኳ እጁን አነሳ" ብዬ አቆምኩ። ዳኛው ጋሼ እንደ ደንቡ መጨረሻው ይነገር ወይስ ይቅር ብለው ጠየቁ። እኔ ይቅር ልል ነው።

"ንገሪን እትዬ" አለች ነርሷ። "ከፈተለት?"

መጽሐፍ ሲወራ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ወደ ወንበሩ ጫፍ መጥታለች። የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ መጠጣት ረስታለች። ገጾቹ የሉም ማለት ነበረብኝ... ሁለት ቃል ነው። ምን ነካኝ? በርካሽ ግዢ ተሞኘሁ ማለት ሞት መሰለኝ።

ከፈተለት አልኩ። ታላቁ ራሱ ከፈተ። ቆመው ተያዩ። ስለ ወፍጮ ቤቱ አንድም ቃል አልወጣውም። "ምሳ በልተሃል?" አለው። በቃ። እዚያ ላይ ያልቃል።

ፍሬን ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ወደ "ማቆም ክልክል ነው" ምልክት አዞረ። ዳኛው ጋሼ ደራሲው ጎበዝ ነው አሉ። ነርሷ ብርጭቆውን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

አፍሬ ነበር? እውነቱን ልጻፍ። ኮርቻለሁ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ለባለቤቴ ነገርኩት። ደራሲው ስንት ሊከፍልሽ ነው አለኝ። ቧንቧ ሠሪን ከመጽሐፍ ጋር ምን አገናኘው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ነርሷ ሱቅ መጣች። የመነጽሯ ብሎን ላልቷል። አጠበቅኩላት፣ የአፍንጫውንም ጎማ ቀየርኩላት። ስትሄድ በር ላይ ደርሳ ተመለሰች።

መጽሐፉን እንዳውሳት ጠየቀችኝ። መጨረሻውን ብቻ። አንድ ነገር ልታደርግ አስባለች፣ ከዚያ በፊት ያቺን ገጽ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች።

"የእህትሽ ነገር ነው?" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። እህት እንዳላት የማውቀው፣ ሰው ወንድም እህት የለሽም ወይ ሲላት "አለችኝ" ብላ ወሬ ስለምትቀይር ነው። ዛሬ ትንሽ ጨመረችልኝ። ታናሿ ናት። እናታቸው ስትታመም አስታማሚዋ ታናሽየዋ ነበረች፤ ነርሷ ከተረኝነት ወደ ተረኝነት ስትሮጥ እንደ ልቧ አልደረሰችም። በቀብሩ ማግስት ታናሽየዋ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት "ለሰው እናት ነርስ፣ ለኛ እናት እንግዳ" አለቻት። ሰባት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

"ምሳ በልተሃል" የምትለዋ ከጆሮዋ አልወጣ አለቻት። እኔ ያልኳት ቃል። ከአፌ ያወጣኋት...

መጽሐፉ በጉልበቴ በኩል ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከመጥረጊያ ጨርቆቹ ሥር ነበር። ለጎረቤት አውሼዋለሁ አልኳት። ሲመልሱልኝ እሰጥሻለሁ አልኳት። አመሰገነችኝ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ባለ ሸራውን አፋጠጥኩት። ጎደሎ ሸጠህልኛል አልኩት። መጽሐፉን ተቀብሎ አገላበጠና አሥራ ስድስት ገጽ ነው የወጣው አለ፤ አንድ ጥራዝ፣ ክሩ ሲበጠስ አብሮ የሚወድቅ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"እትዬ፣ አንቺ እኮ ዋጋውን ስታወርጂ ገጹን አላየሽም። ሁለት እርምጃ ስትሄጂ እኔ ምን ላድርግ?"

እኔ! ሙሉውን እንዲያፈላልግልኝ ለመንኩት። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ የሚሸጥ ወዳጅ አለው፣ ይጠይቅልኛል።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

አልተገኘም። አራት መጽሐፍ ቤት ዞርኩ። ነርሷ እንዳታገኘኝ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ በኩል አላልፍም፤ ዙሪያውን ነው የምሄደው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ተገኘ። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ። ሻጩ ውድ ጠራ። ሳልከራከር ከፈልኩ፤ ይህን ባለ ሸራው እንዳይሰማ። መጀመሪያ ያየሁት የመጨረሻውን ገጽ ነው። 320። አለ።

አውቶቡስ ውስጥ ከ304 ጀመርኩ። ታናሹ እጁን አንስቷል... አንስቶ ይቆማል። ያስባል። አራት ገጽ ያስባል። ከዚያ እጁን ያወርድና ወደ መጣበት ይመለሳል። ይሄ አልበቃ ብሎ ደራሲው ወደ ግቢው ውስጥ ይገባል። ታላቁ ከበሩ ጀርባ ቆሟል። የወንድሙን እርምጃ ያውቀዋል፣ ሲመጣም ሰምቷል፣ ሲሄድም ሰማ። አልከፈተም። የቀሩት ገጾች እሱ ብቻውን ገበታ ቀርቦ ሳይበላ ሲቀመጥ ነው።

ሁለት ፌርማታ አለፈኝ። ተናደድኩ። ሦስት መቶ ሃያ ገጽ አስከትሎኝ እንዲህ ይደረጋል? የኔ ይሻላል። እውነቴን ነው፣ የኔ መጨረሻ ይሻላል።

ግን የኔ መጽሐፉ ላይ የለም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ አወጣሁ አወረድኩ። ሙሉውን ብደብቀውስ? ጎደሎውን ሰጥቻት ሕፃን ልጅ ቀደደው ብላትስ? እሷ እንደሆን ለበጎ ነው የምትሄደው። ሄዳ ብትታረቅ ምን ጎደለ? ውሸቴ ጠቀማት ማለት አይደል...

ባለቤቴ ከሥራ መጥቶ ቱቦ ሲያጥብ ለራሴ ሳወራ ሰማኝ። ውኃውን ዘጋ።

"ሄዳ በሩ ባይከፈትላት ማንን ነው የምትጠይቀው?" አለኝ። "ደራሲውን?"

ነገ እነግራታለሁ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሁለቱንም መጽሐፍ ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከመርፌ ክፍሉ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጥኩ። ወጣች። የመጣልኝን ሁሉ ሳላሳምር ነገርኳት። ገጾቹ እንዳልነበሩ፣ መጨረሻውን ከራሴ እንዳወጣሁት፣ ጎረቤት የሚባል ነገር እንደሌለ። ከዚያ ሙሉውን ከፍቼ ሰጠኋት።

ቆማ አነበበች። አሥራ ስድስቱንም ገጽ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ጠየቀቻት፤ በእጇ ጠብቂኝ ብላ ምልክት ሰጠቻትና ማንበቧን ቀጠለች። ስትጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች።

በሩ ላይ ደርሰሽ እንዳትጎጂ ብዬ ነው፣ ሳትሄጂ እውነቱን እንድታውቂ ብዬ ነው አልኳት።

"እትዬ፣ ሂያጇ እኔ አይደለሁም" አለችኝ።

አልገባኝም።

"አምና መጥታ ነበር። በሩ ላይ ቆመች። በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋት። ሬዲዮ ከፍቼ ነበር... ዘጋሁት። ሰው የለም ብላ እንድትሄድ። ቆመች፣ ቆመች፣ ሄደች።" ጣቷን ገጹ ላይ አደረገች። "ይሄንን አውቀዋለሁ። ኖሬበታለሁ። የማላውቀው ያንቺን ነበር።"

እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሷን ደጅ የቆመው ታናሹ አድርጌ ነው የሣልኳት። አንዴም አልጠየቅኳትም። አንዴም።

ይቅር ብላኛለች ብዬ እጄን ልዘረጋ ስል ተነሳች። ያዘነችብኝ መጨረሻውን ከራሴ በማውጣቴ አይደለም። መጽሐፉ ከጉልበቴ አጠገብ ሆኖ ጎረቤት ወሰደው ስላልኳት ነው። አመስግኜሽ ወጣሁ እኮ አለችኝ።

"ነገ ለሁሉም ትናገሪያለሽ" አለች። "የእህቴን ነገር ግን ተይልኝ።"

የወሰደችው ጎደሎውን ነው።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ተናገርኩ። ቆሜ፣ ከ"ቅድሚያ ስጥ" ምልክት ሥር። ፍሬን ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። አራት ዓመት የጠበቀው ቀን ነው፣ አልፈረድበትም። ዳኛው ጋሼ ግን አልሳቁም። ፊሽካቸውን አውጥተው ነፉ። በዚያ ክፍል ሲነፉ የመጀመሪያቸው ነው፣ ከውጭ ሠልጣኞች መኪና አቆሙ።

"ሦስት ስብሰባ" አሉ። "ራስሽ ያወጣሽው ነው።" ፊሽካውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ ደግሞ መጨረሻው ጥሩ ነበር አሉ፤ ቅጣቱን ግን አያቀልም።

ሦስት ስብሰባ ምንድነው ታዲያ። ችግር የለም። እንደኔ ያለች ጠንካራ ሴት ዝም ማለት ያቅታታል?

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ያቅታታል።

ፍሬን የንቡን መጽሐፍ ጨርሶ ተረከ። አሥር ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ንግሥቲቱ ስትሞት ቀፎው ቀኑን ሙሉ ድምፁን እንደሚቀይር ነገረን። ከዚያ አባቱ ንብ ያረቡ እንደነበር፣ ሲሞቱ ቀፎዎቹ ለማን እንደተሸጡ እንኳ እንደማያውቅ። አራት ዓመት አብረን ስንቀመጥ ይህን አልሰማሁም። አልነገረንም? ወይስ ሲነግረን እኔ በላዩ ላይ እያወራሁ ነበር?

ነርሷ ነበረች። ከእግዜር ሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። እኔም መልስ አልተፈቀደልኝም፣ ራሴን ነቀነቅሁ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ነርሷ ቀረች። ምን ሆና ነው? በወረቀት ጽፌ ለዳኛው ጋሼ አቀበልኩ። አነበቡት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ማውራት ነው ብለው ፈረዱ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ጤና ጣቢያው ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ሄጄ ልጠይቃት እችላለሁ። አልሄድም። ልትነግረኝ ስትፈልግ ትነግረኛለች... ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ? ባለቤቴ ቢያነበው ሐኪም ይጠራልኛል።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

የመጨረሻዋ የቅጣት ስብሰባ። ከባለ ሸራው የገዛኋቸውን ሁለት መጽሐፎች ይዤ ሄድኩ። ሁለቱንም ገጽ በገጽ ቆጥሬ ነው የገዛሁት፤ ሰውየው እየሳቀ በርጩማውን ለቀቀልኝ። መናገር ባልችልም በቦርሳዬ ይሁኑ ብዬ ነው።

ነርሷ መጣች። ቀድማ ደርሳለች እንዲያውም። ተራዋ ሲደርስ ሰማያዊውን መጽሐፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ያን ጎደሎ። ዛሬ የምነግራችሁ ያነበብኩትን አይደለም፣ ደንቡ ከፈቀደ አለች። ዳኛው ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ፣ ቀጥዪ።

በእናታቸው ቀብር ማግስት እንዴት እንደተኳረፉ ነገረችን። ለእህቷ መልእክት ላከችላት። ሁለት ሳምንት መልስ የለም። ባለፈው ስብሰባ ነርሷ የቀረችው እህቴ ትመጣ ይሆናል ብላ ቤቷ ቁጭ ብላ ነው። አልመጣችም። የመጣችው ባለፈው እሑድ፣ እመጣለሁ ሳትል።

"እርምጃዋን ሰማሁ" አለች። "እስክታንኳኳ አልጠበቅሁም። ከፈትኩ። ተያየን። ምሳ በልተሻል? አልኳት። ሳምንታት ስለማመደው የከረምኩት ነው።"

"እሺ" አለ ፍሬን።

"በልቼ ነው የመጣሁት አለችኝ።"

ነርሷ ወደኔ ዞረች። ይሄ አንቺ ከነገርሽኝ ውስጥ አልነበረም አለችኝ። እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት መናገር ፈልጌ አላውቅም፣ የምናገረው ቢፈቀድልኝም የለኝም ነበር።

"ገጹ አለቀብኝ" አለች ነርሷ። "ደግሞ ፊቷን ልታዞር ነው። እኔ ግን አልበላሁም አልኳት። እውነቴን ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልወረደልኝም። ደጁን አየች፣ እኔን አየች... እንግዲያው አንቺ ብዪ፣ እኔ ቁጭ እላለሁ አለች። ገብታ ቁጭ አለች። ስበላ አየችኝ።"

ስለ እናታቸው ተነጋግረው እንደሆነ ዳኛው ጋሼ ቀስ ብለው ጠየቁ። ገና ነን አለች። ስትሄድ ግን እሑድ እመጣለሁ ብላታለች። ነገ ማለት ነው።

ፍሬን በዚህ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አላዞረም። እኔም አለቀስኩ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ ድምፅ ክልክል ስለሆነ።

ዳኛው ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። ስብሰባው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ፊሽካውን አውጥተው በስሱ ነፉና ቅጣቱ በቃ አሉኝ። ሦስቱም አዩኝ። ፍሬን ክንዱን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ ተደላደለ፤ የሦስት ስብሰባ ወሬ ሊወርድበት መሆኑን ያውቃል። ቦርሳዬን ከፈትኩ። ሁለቱም መጽሐፎች ሙሉ ናቸው፣ ሁለቱንም ጨርሻለሁ፣ ዋጋቸውን ማንም አይገምተውም።

ሁለቱንም ነርሷ ፊት አስቀመጥኳቸው።

"እህትሽ ምን ማንበብ ትወዳለች?" አልኳት።

አንዱን አነሳች፣ ገለጠች፣ ዘጋችው። አሰበች።

"አላውቅም" አለች። "ነገ እጠይቃታለሁ።"